ምላሽ ያልተሰጠው ቁጥር 212

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ይህ የሥልጠና ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ «ማኅበራዊ ሚዲያ በተቋማት ውስጥ፤ ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች» ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ የጻፍኩበት አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው፤ የቀረው ንጹሕ ወረቀት ነው። ወረቀት መጣል አይሆንልኝም። ማንበብ የተማርኩት ሰው ከጣለው ወረቀት ላይ ነው። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ እዚህ ውኃ መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆኜ ስገባ፣ ከቅርጫት የተጨማደደ ደብዳቤ እያወጣሁ፣ ጉልበቴ ላይ እያቃናሁ አነብ ነበር። ከጽዳት ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ሕዝብ ግንኙነት አለፍኩ። አሁን ሥራዬ ማረም ነው። ማረም ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከዚህ ቤት በእኔ እጅ ሳያልፍ የሚወጣ ደብዳቤ የለም።

ይህን ስጽፈው ኩራት ይመስላል። አይደለም።

ሥልጠናውን ያመጣችው አዲሷ ኃላፊያችን ናት። ልጄን በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው። መሥሪያ ቤቱ ገጽ ይከፍታል፤ ሰው ይጽፋል፣ እኛ እንመልሳለን አለች። ማን ይመልስ ሲባል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እሷ እኔን አየች። ልጄ፣ የእኔ ስልክ ከመደወል ሌላ ምንም አያውቅም አልኳት። ስልክ እንሰጥዎታለን አለች። «ስልክ የሚነካካማ ሞልቶናል እትዬ። የቸገረን የተቆጣ ሰው ምን እንደሚባል የሚያውቅ ነው።»

ጡረታዬ ሊደርስ ስምንት ወር ቀርቶት!

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

የመጀመሪያው መልእክት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። «ውኃ ከሄደ አራተኛ ቀን። ሞታችኋል ወይስ አላችሁ?»

የማውቀውን አደረግኩ። ባዶ የገቢ ደብዳቤ መዝገብ አወጣሁና አሰመርኩ። ቁጥር፣ ቀን፣ የላኪው ስም፣ ጉዳዩ፣ የተመራለት ክፍል፣ ምላሽ። ከዚያ መለስኩ፦ «መልእክትዎ በቁጥር 1 ተመዝግቦ ለጥገና ክፍል ተመርቷል። እኛ አለን። የሌለው ውኃው ነው።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

መሳቂያ ሆንኩ። መልሴን ሰው ፎቶ እያነሳ ሲቀባበለው አደረ። ዘጠኝ መቶ ሰው ስቋል፤ ኃላፊዬ ነች የቆጠረችው። እሷም ወንበሯ ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ላጥፋው ወይ አልኳት። እንዳይነኩት አለችኝ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ስገባ ቆቡን አንሥቶ፣ «እትዬ ቁጥር፣ እኔ ዛሬ ስንተኛ ነኝ?» አለኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አፌን ይዤ ለኖርኩት ሴትዮ በስተርጅና ይህ ምን የሚሉት ነው?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሰው ቁጥሩን መጠየቅ ጀመረ። «ቁጥሬን ስጡኝ» ይላሉ፣ ወረፋ እንደያዘ ሰው። ቁጥር 1 ውኃ መጣለት፤ ተመልሶ «አላችሁ ለካ» ብሎ ጻፈ።

የመጣለት በእኔ አይደለም። እኔ ያደረግኩት ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት መዝገቡን ብብቴ ሥር ይዤ ወደ ጥገና ክፍል መውረድ ብቻ ነው። ቁጥር 14 ምን ደረሰ? ቁጥር 22ስ? የጥገናው አለቃ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መፍቻ ከእጁ ስለማይለይ ባለመፍቻው ነው የሚባለው። የባለቤቴ ጓደኛ ነበር፤ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አብረው ሠርተዋል። መጀመሪያ ቀን ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። ዛሬ ግን ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ሠራተኞቹን፣ መጣችላችሁ፣ የሠራችሁትን አስታውሱ ሲላቸው ሰማሁ። ልወጣ ስል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ባልሽ ይህን ቢያይ ደስ ይለው ነበር እህቴ» አለኝ።

ደስ ይለው ነበር? እንጃ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ስብሰባ። ቃለ ጉባኤ ይዤ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሁሌ ዝናብ ሊመጣ ነው ብለው ጃንጥላ ይዘው የሚዞሩ ዓይነት ናቸው። ይህ ገጽ አቧራ የሚያስገባ መስኮት ነው አሉ። ኃላፊዬ ሳትቆጣ መለሰች። ሰው ስለ እኛ ድሮም ያወራል፣ የማንሰማው እኛ ብቻ ነን፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አለች። የፋይናንሱ ሰውዬ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቁም።

ውሳኔ፦ «እናመሰግናለን»ና «ተመርቷል» ያለ ፊርማ መመለስ ይቻላል። ማስታወቂያ፣ ማብራሪያና ማስጠንቀቂያ እንደ ወትሮው በሰባት ፊርማ ይወጣል። ቴክኒክ፣ ላቦራቶሪ፣ ደንበኞች አገልግሎት፣ ሕግ፣ ፋይናንስ፣ ሕዝብ ግንኙነት፣ ሥራ አስኪያጅ። ፋይናንስ ለምን እንደሚፈርም የሚያውቅ የለም። አንድ ዘመን ፈርሞ ነበር፣ በዚያው ቀረ።

ኃላፊዬ ስንወጣ፣ «ሳይደርቅ በርጥቡ የሚባለውን እነዚህ ሰዎች አልሰሙም እንዴ?» አለችኝ። ሥርዓት ሥርዓት ነው አልኳት። እንዲህ ለማለት ማን ይቀድመኛል?

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ቁጥር 212። ከታችኛው ሰፈር፣ አንዲት ልጅ ናት የጻፈችው። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በዚያ ጎርፍ በበዛበት ክረምት፣ አንድ የእናንተ ሠራተኛ በራችንን አንኳክቶ ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ ብሎን ነበር። ልብሱ በጭቃ ተለውሶ ነበር። እናቴ ሻይ ጠጣ ብትለው ገና ብዙ በር ይቀረኛል አለ። እናቴ አሁን ታማለች። ያን ሰውዬ ሳላመሰግነው ትላለች። ሰውዬው አሁንም እናንተ ጋ አለ?»

መዘገብኩት። ጉዳዩ በሚለው ሥር «ምስጋና» ብዬ ጻፍኩ። የተመራለት ክፍል የሚለውን ባዶ ተውኩት።

ስልኩ ባትሪ ዘጋ። ነገ እመልሳለሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ሠላሳ አንድ መልእክት መለስኩ። 212 ቀረ። ጊዜ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ኃላፊዬ መዝገቡን ስታገላብጥ፣ ሁሉም ተመልሶ 212 ብቻ ለምን ባዶ ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። መረጃ እያጣራሁ ነው አልኳት። ዐይኔን አየችኝና ገጹን ገለበጠች። ይህች ልጅ የማትጠይቀው ነገር ከምትጠይቀው ይበልጣል።

የታመመች ሴት መልስ እየጠበቀች ነው። ይህን አውቃለሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ልጄ ከምታስተምርበት ከተማ ደወለች። ገጻችንን በየቀኑ ታነባለች። ተማሪዎቿም ያውቁታል፤ የቤት ሥራ ሳይሠሩ ሲቀሩ «ተመዝግቦ ተመርቷል» ይሏታል አሉ። ሳቅን።

ከዚያ 212ን አነሣች። «እማ፣ አባዬ ነው አይደል?»

መሰለኝ አልኳት። ለምን እንዳልመለስኩ ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶ ነው አልኩ። «እማ፣ ሰውን ስላዳነ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ከጉድጓዱ አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የዘጉበት ሰዎች ይህን ያነቡት ይሆን? ያን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ግን እንቅልፍ ይወስደዋል?» አለችኝ።

መስመሩ ጥሩ አይደለም አልኳት። ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ቤቱን ጠረግኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ከዚያ የሚጠረግ ጠፋ።

እንግዲህ ልጻፈው፤ ደብተሩ የእኔ ነው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ መስመር ተሰንጥቆ ጎርፍ ከመጠጥ ውኃው ጋር ተቀላቀለ። ማስታወቂያው በአራት ፊርማ ላይ ቆሞ ነበር። ባለቤቴ ያየውን ይዞ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ከታችኛው ሰፈር ጀምሮ በር በር እየመታ ነገረ። በነጋታው ተይዞ ተጠየቀ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ፤ ደብዳቤ ሁሉ ይመጣል፣ እሱም መጣ። ረቂቁ «ውኃው ተበላሽቷል ብሎ በየቤቱ በመናገሩ» ይል ነበር። እኔ አረምኩት። «ከተሰጠው ኃላፊነት ውጭ በመንቀሳቀስ፣ ባልተረጋገጠ ወሬ የተቋሙን መልካም ስም ለአደጋ በማጋለጡ» አልኩት። ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም። እንደዚያ ነበር የሚጻፈው። የሚያምር መስሎኝ ነበር።

ደብዳቤው በደረሰው ማግስት ጠዋት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ፣ «አሳምረው ጽፈውታል» አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። ምጣዱ ላይ ያለው ሊያርርብኝ ነው ብዬ ወጣሁ። ምጣዱ ላይ ምንም አልነበረም።

ሦስት ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ብሎን ቆጠረ። ከዚያ ልቡ ደከመ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ማታ ስለለመነኝ ወረቀት ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ዝናብ። አምስተኛ ቀኑ ነው። መልእክት 430 ደርሷል። ጥበቃው ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው ቦይ ሞላብኝ ብሎ ቁጥር አስያዘኝ፤ በአፍ የመጣ አይመዘገብም ስለው እዚያው ቆሞ በስልኩ ጻፈው።

212 አልተመለሰም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ጠዋት፦ ቁጥር 466፣ ታችኛው ሰፈር፣ «ውኃው ሻይ መስሏል»። 467፣ «አፈር አፈር ይሸታል»። 469፣ 470፣ 473። ሁሉም ከአንድ መስመር፣ ከወንዙ ግራና ቀኝ። መዝገቡን ይዤ ለኃላፊዬ አሳየኋት። ፊቷ ተለወጠ። ረቂቅ ጻፈች፣ አረምኩ፣ ለፊርማ ይዛ ወጣች።

ስምንት ሰዓት፦ ሦስት ፊርማ። የላቦራቶሪው ሴትዮ የናሙናው ውጤት ነገ ይደርሳል ትላለች። የሕጉ ሰው ለቅሶ ላይ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ከተማ ጉባኤ ላይ፣ ስልካቸው ዝግ።

ዘጠኝ ሰዓት፦ ዛሬ እኔ አልወረድኩም። ባለመፍቻው ራሱ ወጣ። ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

(ማታ)

የሆነውን በቅደም ተከተሉ ልጻፍ። ነገ ይጠይቁኛል።

ባለመፍቻው በሩ ላይ ቆሞ፣ መስመሩ መሰንጠቁን፣ ጎርፉ ሲገባ በዐይኑ ማየቱን ነገረኝ። ዘግቼዋለሁ፣ እስከ ነገ ጠዋት እጠግነዋለሁ አለ። ግን ቱቦው ውስጥ ያለው፣ በየቤቱ የተቀዳው ይጠጣል። ኃላፊዬ የት እንዳለች ጠየቀኝ። ፊርማ ፍለጋ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ብስክሌቴ ታች ነው፣ ልሂድ አለ።

ያን ጊዜ ያየሁት እሱን አልነበረም።

ተቀመጥ አልኩት። ስልኩን አነሣሁና ጻፍኩ፦ «ከወንዙ ግራና ቀኝ፣ ታችኛው ሰፈርና ማዶ ያላችሁ፦ ውኃው ተበላሽቷል። ዛሬ የቀዳችሁትን ሳታፈሉ አትጠጡ፣ ለሕፃን አትስጡ። መስመሩን ያየው የጥገና አለቃ ነው። ያነበበ ላላነበበ ጎረቤቱ ይንገር። የሰማችሁ ‹ሰማን› ብላችሁ ጻፉልን።» ሰባት ቦታ የሚፈረምበትን አሰብኩ። ጣቴ ለአንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ ላክሁት።

ስልክ የሌለው ሰውስ? ነጭ ወረቀት አወጣሁ። በትልልቁ፣ በእጄ፣ አሥር ወረቀት ጻፍኩ። ባለመፍቻው ቆሞ አየኝ። ስንት ነው እህቴ፣ ይበቃል አለኝ። አሥር ነው የሚሆነው አልኩት። ለምን አሥር እንደሆነ አልጠየቀም። ደረቱ ውስጥ ከቶ በዝናብ ወጣ።

ኃላፊዬ በአራተኛው ፊርማ ላይ ሳለች ስልኳ ላይ አየችው። እየሮጠች መጣች፣ አነበበች፣ ወንበሬ አጠገብ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ያዘዝኩዎት ነው እንላለን» አለች። «ሰባት ወር ቀርቶዎት እርስዎን አላስነካም።»

«አይሆንም ልጄ» አልኳት። «ይህችን እንኳ አትውሰጂብኝ።»

ወደ ስልኩ ዞርን። «ሰማን» ይመጣ ነበር። ሰማን። ሰማን፣ ጎረቤትም ሰምቷል። ሰማን፣ ማዶ ነን። እሷ ታነባለች፣ እኔ እመዘግባለሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ላቦራቶሪው አረጋገጠ። መስመሩ ተጠገነ። ከጤና ጣቢያው በየሁለት ሰዓቱ እንጠይቃለን። እስካሁን አንድም የታመመ ሰው የለም።

እጄ እስካሁን ቀለም ቀለም ይላል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

የታመመ የለም። አምስተኛ ቀን።

ሥራ አስኪያጁ ተመልሰዋል። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ጃንጥላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩና አለፉ። ከጸሐፊያቸው ክፍል ሲናገሩ ሰማሁ። ትክክል መሆኗን ማን ካደ፣ ነገ ግን ትክክል ያልሆነው ሰው ተነሥቶ ቢለጥፍስ አሉ። እውነት አላቸው። ይህን ማሰብ የሳቸው ሥራ ነው። ግን የዚያን ቀን እሳቸውን በስልክ ማግኘት አልተቻለም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

እግዚአብሔር ቀልደኛ ነው።

ከምሳ ስመለስ ትሪዬ ላይ የሚታረም ረቂቅ አለ። ጸሐፊዋ እንደ ልማዷ አስቀምጣው ሄዳለች፤ የማነው ብላም አላነበበችውም መሰለኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። የሚጻፈው ለእኔ ነው። የሚያርመው ሌላ ሰው ስለሌለ ለእኔ መጣ።

አነበብኩት። «ከተሰጠዎት ኃላፊነት ውጭ በመንቀሳቀስ፣ ባልተረጋገጠ ወሬ የተቋሙን መልካም ስም ለአደጋ በማጋለጥዎ…» ከድሮው ፋይል ነው የገለበጡት። ቃሉ የእኔ ነው። ነጠላ ሰረዟ እንኳ እኔ ያስቀመጥኳት ቦታ ላይ ናት። አሥራ አንድ ዓመት አቃፊ ውስጥ ተኝታ ኖራ፣ ስሜን ይዛ መጣች።

ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። ከዚያ ብዕሬን አነሣሁና ሥራዬን ሠራሁ። ያን ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩ። ከላዩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ውኃው ተበላሽቷል፣ ሳታፈሉ አትጠጡ ብለው ለነዋሪዎች በመናገርዎ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል።» የቀረውን አልነካሁም። አንድ የተሳሳተ ፊደል ብቻ አቀናሁ። ተመልሶ ሄደ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

አስጠሩኝ። ደብዳቤው ፊታቸው ነው፣ ብዕሩ እጃቸው ላይ። ኃላፊዬም አለች። ቁጭ በሉ አሉኝ። እንደገና አነበቡት፣ በከንፈራቸው።

«ይህን እንዴት ብዬ ነው የምፈርመው?» አሉ። ተቆጥተው አይደለም። እውነት ጠየቁኝ።

«የሆነው እሱ ነው» አልኳቸው። «የበፊቱ ቃል ሊፈርሙት ይቀላል። እኔው ነኝ ያሳመርኩት።»

ያኔ ምክትል ነበሩ፤ የባለቤቴን ደብዳቤ ያዩ ይመስለኛል። ብዕሩን ከደኑት። ደብዳቤውን ወደ መሳቢያ አስገቡት፤ ቀድደው አልጣሉትም፣ አልፈረሙትምም። ኃላፊዬ ዕድሉ እንዳያመልጣት ያዘጋጀችውን ወረቀት አወጣች። ጤና ላይ አደጋ ሲመጣ ያየው ባለሙያና የሚጽፈው ሰው ፈርመው ወዲያው ይለጠፍ፤ ሌላው በኋላ ይፈርም ይላል። ተከራከሩ። ስልካቸው ዝግ ከሆነ ማን ይተካቸዋል በሚለው ላይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ለሦስት ወር ይሞከር አሉ። የፋይናንስ ፊርማ ግን አልቀረም።

ስንወጣ ኃላፊዬ ደረጃው ላይ እጄን ያዘች። የበፊቱ ቃል ለማን ተጽፎ እንደነበር አልጠየቀችኝም።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ለልጄ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሳታነሣ ዘጋሁት። በአራተኛው አነሣች።

ያን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ብለሽኝ ነበር አልኳት። እኔ ነኝ። ያሳመርኩት እኔ ነኝ።

መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ፣ በእሷ በኩል፣ ሰማሁ።

«መስመሩ ጥሩ አይደለም እማ» አለች። ዘጋችው።

ልክ ናት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

አራት ቀን። አልደወለችም። እኔም አልደወልኩ።

ዛሬ ጠዋት፣ ማንም ሳይገባ፣ መዝገቡን 212 ላይ ከፈትኩ። ሃምሳ ቀን አለፈው። እናትየዋ በሕይወት ባትኖርስ የሚለውን ዛሬ ነው ለራሴ ጮክ ብዬ ያልኩት። ጻፍኩ፣ አላሳመርኩም።

«ቁጥር 212፦ ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ያ ሰው ባለቤቴ ነበር። ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። የዚያን ቀን ማታ ቤት መጥቶ፣ የእኔ ጽሕፈት አይነበብም፣ አንቺ አሥር ወረቀት ጻፊልኝና ማዶ በየበሩ ልለጥፈው ብሎኝ ነበር። ፊርማ የለውም፣ የአንተ ሥራ ቧንቧ እንጂ ወሬ አይደለም አልኩት። ብቻውን ሄደ። የእናንተን ሰፈር ጨርሶ ማዶ ሳይሻገር መሸበት። ማዶ አሥራ ዘጠኝ ሰው ታመመ፤ አንዲት እናት ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። እሱን ማስጠንቀቂያ ጻፉበት፣ ደብዳቤውን ያረምኩት እኔ ነኝ። ምስጋናው የእሱ ነው። ለእናትዎ ሻዩን ሳይጠጣ መሄዱ ቆጭቶት እንደሚሆን ይንገሩልኝ፤ ሻይ ይወድ ነበር።»

ለኃላፊዬ አሳየኋት። ተቋሙ ላይም ያርፋልና፣ ይህ ስንት ፊርማ ይፈልጋል አልኳት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የእርስዎን» አለች። «የኔንም ከፈለጉ።» ሁለታችንም ስማችንን ከሥር ጻፍን።

ላክነው። ቀለለኝ አልልም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

ክፉ የጻፉም አሉ። ማዶ የሆነ አንድ ሰው፣ የሞተችው አክስቴ ናት፣ አሥር ወረቀት ጠፋ ወይ አለ። መዘገብኩት። መልሱን እኔው ራሴ ሄጄ ለቤተሰቡ በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ ባለመፍቻው አብሬሽ እሄዳለሁ ብሏል።

212 መልሳለች። እናቷ አለች። ደግማ ደጋግማ አስነብባታለች። «ሚስቱ ትምጣና የሱን ሻይ ትጠጣለት ብላለች» ይላል።

ጥበቃው ጠዋት ስገባ እትዬ ቁጥር አላለኝም። ቆቡን ብቻ አነሣ። ቅር አለኝ። ምነው፣ ዛሬ ቁጥር አትፈልግም ወይ አልኩት። ሳቀ፤ ሁለታችንም ተነፈስን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወደ ጥገና ልወርድ መዝገቡን ብብቴ ሥር ስይዝ፣ አንድ መልእክት ገባ። ከ212 መልስ ሥር ነው የተጻፈው። ስሙን ሳየው ተቀመጥኩ።

«ቁጥር ስጡኝ። ጉዳዩ፦ እናቴ። ገና ተናድጃለሁ። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፣ ማዶም አብረን እንሄዳለን።»

መነጽሬን ጠረግኩ። መዝገቡን ከፈትኩ። ቁጥር፣ 713። ቀን፣ ነሐሴ 19። የላኪው ስም በሚለው «ልጄ» ብዬ ጻፍኩ፤ ደንቡ ሙሉ ስም ነው፣ ይሁን። የተመራለት ክፍል በሚለው ሥር ብዕሬ ትንሽ ቆመ።

«ቤት» ብዬ ጻፍኩ።